ወገብዎን ከማሳሸትዎ በፊት

ሰኞ ጠዋት በተመላላሽ ሕክምና ክፍል ተራቸውን ከሚጠብቁት ታካሚዎች መካከል "ወገቤን" የሚል አይጠፋም። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንዱ ሰኞ፣ በአንድ ሰዓት ልዩነት ሁለት እንዲህ የሚሉ ሰዎች አየሁ። ማንነታቸው እንዳይታወቅ አንዳንድ ዝርዝሮችን ቀይሬ ላጫውትዎ።

የመጀመሪያው የሚኒባስ ሾፌር ነው፤ ዕድሜው አርባን ተሻግሯል። ጎማ ሊቀይር ጎንበስ እንዳለ ወገቡ ተይዞ በሰው ትከሻ ተደግፎ ቤቱ ገባ። በማግሥቱ በሰፈሩ የታወቁ ወጌሻ ዘንድ ሄዶ በቅባት ታሸ። በሦስተኛው ቀን ቀና ብሎ መራመድ ጀመረ። እኔ ጋ የመጣው "ለማንኛውም ልታይ ብዬ ነው" እያለ ነበር። መረመርኩት፤ የሚያሰጋ ነገር አላገኘሁበትም።

ሁለተኛዋ የ26 ዓመት ወጣት ናት። እንጀራ ጋግራ ለሱቆች በማስረከብ ትተዳደራለች። ወገቧን ማመም ከጀመራት አራት ወር አልፏል። "ከባድ ነገር አንሥተሽ ነው፣ ሥር ዞሮብሽ ነው" ተብላ ሦስት ጊዜ ታሽታለች። በታሸች ቁጥር ሕመሙ ይብስባታል። ጥቂት ጥያቄዎች ስጠይቃት ማታ ማታ ልብሷ እስኪርስ እንደሚያልባት፣ ቀሚሷ እየሰፋት እንደመጣ፣ ሕመሙም ጋደም ስትል እንኳ እንደማይለቃት ነገረችኝ። ከወንበሩ ስትነሣ እግሮቿ ሲከዷት አየሁ። ራጅ ስትነሣ ሁለት የአከርካሪ አጥንቶቿ ተበልተው አንዱ በሌላው ላይ ተንዷል። በሽታው የአከርካሪ ቲቢ ነበር።

የሁለቱም ቅሬታ አንድ ቃል ነው። ሁለቱም መጀመሪያ የሄዱት በእጁ ወደሚያክም ሰው ነው። አንዱ ተሻለው፤ ሌላዋ ለጥቂት ሽባ ከመሆን ተረፈች። በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ማወቅ ለማንኛውም ሰው ይጠቅማል፤ የዛሬው ጽሑፌም በዚሁ ላይ ያተኩራል።

በአሁኑ ወቅት ጉዳዩ ከወጌሻም አልፏል። በስልካችን ላይ አንገትና ወገብ "ቀጭ" ሲደረግ የሚያሳዩ ቪዲዮዎች በርክተዋል። በአሜሪካና በአውሮፓ የሚኖሩ ዘመዶቻችንም "እዚህ ካይሮፕራክተር ጋ ሄጄ ዳንኩ፤ እናንተስ ለምን አትሞክሩትም?" እያሉ ይመክራሉ። ስለዚህ በእጅ የሚሰጥ ሕክምና ምን እንደሚሠራ፣ ምን እንደማይሠራ፣ መቼ ደግሞ አደጋ እንደሚሆን በየተራ እንመልከት።

የወገብ ሕመም ምንድን ነው?

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው፣ እ.ኤ.አ. በ2020 በዓለም ላይ 619 ሚሊዮን ሰዎች የወገብ ሕመም ነበረባቸው። ቁጥሩ በ2050 ወደ 843 ሚሊዮን ከፍ እንደሚል ይገመታል። ሰዎችን ከሥራ ውጭ በማድረግ ረገድም ከበሽታዎች ሁሉ ቀዳሚው ነው።

ከእነዚህ ሰዎች መካከል በአብዛኞቹ፣ ማለትም ከአሥሩ በዘጠኙ፣ ሕመሙን የሚያብራራ የተለየ በሽታ ወይም የአጥንት ጉዳት አይገኝም። ሕመማቸው ግን እውነተኛ ነው። ጡንቻ፣ ጅማት፣ መጋጠሚያ ወይም ዲስክ ተቆጥቶ የሚፈጥረው ነው። ያስለቅሳል፣ ከአልጋ አያስነሣም፤ ሆኖም አካልን አያበላሽም። አብዛኛው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ እየቀለለ ይሄዳል። ተመልሶ መምጣቱም የተለመደ ነው።

"አጥንቴ ከቦታው ወጥቷል" የሚል ታካሚ ብዙ ነው። አከርካሪያችን ሰባት አጥንቶች በአንገት፣ አሥራ ሁለት በጀርባ፣ አምስት ደግሞ በወገብ ላይ የተደረደሩበት ዓምድ ነው። ከነዚያ በታች ያሉት እርስ በርስ የተጣበቁ ናቸው። በአጥንቶቹ መካከል ዲስክ የምንለው እንደ ትራስ የሚያገለግል አካል አለ። ይህ ሁሉ በጠንካራ ጅማትና ጡንቻ የታሰረ በመሆኑ በቀላሉ አይወልቅም። አከርካሪ በድንገት ከቦታው እንዲወጣ የመኪና አደጋ፣ ከፎቅ ወይም ከዛፍ መውደቅ ያህል ኃይል ያስፈልገዋል። ጄሪካን ሊያነሡ ጎንበስ ሲሉ ወገብዎ ቢያዝ፣ አጥንትዎ ቦታውን ለቅቋል ብለው አይሥጉ።

"የዲስክ መንሸራተት" የሚባለውም ስሙ ያስፈራል እንጂ ዲስኩ እንዳለ ተንሸራትቶ አይሄድም። የውስጡ ለስላሳ ክፍል ወደ ውጭ ገፍቶ አጠገቡ ያለውን ነርቭ ሲነካ፣ ከመቀመጫ ተነሥቶ በእግር በኩል እስከ ቁርጭምጭሚት የሚወርድ እንደ ኤሌክትሪክ የሚነዝር ሕመም ይፈጥራል። ይህም ቢሆን በአብዛኛው ሰው ላይ ያለ ቀዶ ሕክምና በሳምንታትና በወራት ውስጥ ይቀንሳል።

ሌላው የተለመደ አባባል "ኩላሊቴን ነው" የሚለው ነው። የኩላሊት ሕመም የሚሰማው ከፍ ብሎ፣ ከጎድን አጥንት ሥር በጎን በኩል ነው። ጎንበስ ቀና በማለት ብዙም አይለዋወጥም። አብዛኛውን ጊዜም ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት፣ ሽንት ሲሸኑ ማቃጠል፣ ደም የቀላቀለ ሽንት ወይም ወደ ብሽሽት የሚወርድ ከባድ ቁርጠት አብሮት ይመጣል። ሲያጎነብሱ የሚብስ፣ አረፍ ሲሉ የሚቀል ሕመም ግን አብዛኛውን ጊዜ የጡንቻና የመጋጠሚያ ነው።

ወጌሻ፣ ፊዚዮቴራፒስት፣ ካይሮፕራክተር

ሦስቱም እጃቸውን ይጠቀማሉ፤ ሙያቸው ግን የተለያየ ነው።

ወጌሻ ጥበቡን ከአባቱ ወይም ከእናቱ የወረሰ፣ ስብራትን፣ ውልቃትንና ወለምታን የሚያክም የአገር ሐኪም ነው። ሕዝባችን ለዘመናት የተገለገለበት ሙያ ነውና በንቀት የምናየው አይደለም። እርጋታቸውና እጃቸው ለብዙ ሰው እፎይታ ሰጥቷል። የሚጎድላቸው ነገር ግን አለ፤ ከቆዳው ሥር ያለውን የሚያዩበት ራጅና የደም ምርመራ የላቸውም።

ፊዚዮቴራፒስት በዩኒቨርሲቲ የሠለጠነ የጤና ባለሙያ ነው። በአገራችን ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ይህን ሙያ ከሚያስተምሩ ተቋማት አንዱ ነው። ፊዚዮቴራፒስት በእጁ ያሻል፣ መጋጠሚያን ያፍታታል፤ ከሁሉም በላይ ግን ታካሚው ራሱ ቤቱ ሆኖ የሚሠራውን እንቅስቃሴ ያስተምራል። በትልልቅ ሆስፒታሎች አገልግሎቱን ማግኘት ይቻላል።

ካይሮፕራክቲክ በአገራችን ብዙም ያልተስፋፋ፣ የተወለደው ግን አሜሪካ ውስጥ የሆነ ሙያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1895 በአዮዋ ግዛት ዳቨንፖርት በምትባል ከተማ ዳንኤል ዴቪድ ፓልመር የተባለ ሰው፣ መስማት የተሳነውን ሃርቪ ሊላርድ የተባለ የሕንፃ ጥበቃና ጽዳት ሠራተኛ አከርካሪ ገፍቶ በማስተካከል መስማቱን እንደመለሰለት ተናገረ። ከዚያ ተነሥቶም አብዛኛው በሽታ የሚመጣው ከቦታቸው በተዛነፉ የአከርካሪ አጥንቶች ነው የሚል ትምህርት መሠረተ። ይህ አመለካከት በሳይንስ አልተረጋገጠም።

ሙያው ግን ከዚያ ወዲህ ብዙ ተለውጧል። ዛሬ በአሜሪካ ካይሮፕራክተር ለመሆን በኮሌጅ ከሚሰጠው መሠረታዊ ትምህርት በኋላ አብዛኛውን ጊዜ አራት ዓመት የሚወስድ ሥልጠናና የፈቃድ ፈተና ያስፈልጋል። ከአፍሪካ ደቡብ አፍሪካ በጆሃንስበርግና በደርባን ባሉ ዩኒቨርሲቲዎቿ ታስተምራለች። "ዶክተር" ተብለው ቢጠሩም የሕክምና ዶክተር አይደሉም፤ ቀዶ ሕክምናም አይሠሩም። ዋና ሥራቸው የአከርካሪን መጋጠሚያ በፈጣንና አጭር ግፊት ማንቀሳቀስ ነው።

በእጅ መታከም ምን ያህል ይጠቅማል?

እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 የዓለም ጤና ድርጅት ከሦስት ወር በላይ ለቆየ የወገብ ሕመም መመሪያ አውጥቷል። ይጠቅማሉ ካላቸው ነገሮች መካከል ለታካሚው ስለ ሕመሙ ማስረዳት፣ የአካል እንቅስቃሴ፣ ማሸትና የአከርካሪ ግፊት ሕክምና ይገኙበታል። በተቃራኒው የወገብ ቀበቶ ማሠር፣ ወገብን በመሣሪያ መጎተት እንዲሁም እንደ ሞርፊን ያሉ ከባድ ማስታገሻዎች በመደበኛነት እንዳይሰጡ መክሯል።

ስለዚህ ባሕር ማዶ ያለው ዘመድዎ "ተሻለኝ" ቢል አልዋሸም። የተሠሩ ጥናቶች ሲገመገሙ፣ የአከርካሪ ግፊት ሕክምና ለተራ የወገብ ሕመም መጠነኛ እፎይታ ይሰጣል፤ ውጤቱም ከአካል እንቅስቃሴና ከፊዚዮቴራፒ ጋር ተቀራራቢ ነው። ብዙ ብር ከፍሎ "ቀጭ" መደረግ፣ በትክክል የተማሩትን እንቅስቃሴ በየዕለቱ ከመሥራት ይበልጣል የሚያሰኝ ማስረጃ የለም።

ያ "ቀጭ" የሚለው ድምፅስ? በመጋጠሚያው ውስጥ ባለው ፈሳሽ ላይ ግፊቱ በድንገት ሲቀንስ የአየር አረፋ ይፈጠራል፤ ድምፁ ከዚያ ጋር የተያያዘ ነው። ጣትዎን ሲስቡ ከሚሰሙት የተለየ አይደለም። አጥንት ወደ ቦታው የመመለሱ ምልክት ተደርጎ መወሰድ የለበትም።

በአከርካሪ ግፊት የስኳር በሽታን፣ የደም ግፊትን፣ አስምን ወይም የልጆች አልጋ ላይ መሽናትን "እፈውሳለሁ" የሚል ሰው ካጋጠመዎት ግን ምስጋና አቅርበው ይውጡ። በተለይ የደም ግፊትና የስኳር መድኃኒትዎን በዚህ ሰበብ እንዳያቋርጡ።

ማንም እንዳይነካው የሚያደርጉ ምልክቶች

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። ከአሥሩ ዘጠኙ ተራ ሕመም ነው ብለናል። የቀረው ግን አለ። ከዚህ በታች ከተዘረዘሩት አንዱ ካለብዎት ወገብዎን ለማንም እንዳያሳሹ፤ መጀመሪያ ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ።

• ማታ ማታ ማላብ፣ ምክንያቱ የማይታወቅ ክብደት መቀነስ፣ የምግብ ፍላጎት ማጣት ወይም ትኩሳት። የቲቢ ተሕዋስ ከሳንባ ተነሥቶ በደም በኩል አከርካሪ ውስጥ ሊያርፍ ይችላል። ሳል ላይኖር ስለሚችል "ስለማላስል ቲቢ የለብኝም" ማለት አይቻልም።

• በመኝታ ሰዓትም የማይለቅ፣ ሌሊት የሚብስ፣ ከሳምንት ሳምንት እየጨመረ የሚሄድ ሕመም።

• በጀርባ አጥንት መሐል ላይ አዲስ የወጣ ጉብታ ወይም መጉበጥ፤ በተለይ በልጆች ላይ።

• ከዚህ ቀደም ካንሰር የነበረበት ሰው፤ በተለይ የጡት፣ የፕሮስቴት ወይም የሳንባ። እነዚህ ወደ አከርካሪ አጥንት ሊዛመቱ ይችላሉ።

• መውደቅ ወይም የመኪና አደጋ ተከትሎ የመጣ ሕመም። በዕድሜ የገፉ እናቶችና አባቶች፣ እንዲሁም እንደ ፕሬድኒሶሎን ያለ መድኃኒት ለረጅም ጊዜ የወሰዱ ሰዎች አጥንታቸው ስለሚሳሳ በቀላል አወዳደቅ እንኳ ሊሰበር ይችላል።

• ከኤችአይቪ ጋር መኖር፣ ወይም የሰውነትን መከላከያ የሚያዳክም መድኃኒት መውሰድ።

• ያልፈላ ወተት የሚጠጣ ወይም ከከብቶች ጋር የሚውል ሰው የሚመላለስ ትኩሳት፣ ላብና የመጋጠሚያ ቁርጥማት ካለው። ይህ ብሩሴሎሲስ የተባለው ከእንስሳት የሚተላለፍ በሽታ ሊሆን ይችላል።

ቀጥሎ ያሉት ደግሞ ቀጠሮ የማይሰጣቸው ናቸው። ሽንት እንቢ ካለዎት፣ ሽንት ወይም ሰገራ ካመለጠዎት፣ በኮርቻ ሲቀመጡ ኮርቻው የሚነካው የሰውነት ክፍል ከደነዘዘ፣ አንድ ወይም ሁለቱም እግሮችዎ እየዛሉ ከሄዱ በዚያው ቀን፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ነርቮቹ ታፍነዋል ማለት ሊሆን ስለሚችል ሰዓታት ዋጋ አላቸው። ነገ ይሻለኛል ብሎ ያደረ ሰው ዕድሜውን ሙሉ በካቴተር ሊሸና ይችላል።

ቲቢ ያዳከመው የአከርካሪ አጥንት ምስጥ እንደበላው ምሰሶ ነው፤ ቆሞ ይታያል፣ ሲገፉት ግን ይናዳል። ሲናድ ከኋላው ያለውን ሕብለ ሰረሰር ይጫናል። በተቃራኒው በጊዜ ከተገኘ በመድኃኒት የሚድን በሽታ ነው። የአከርካሪ ቲቢ ሕክምና አንድ ዓመት ያህል ይወስዳል፤ መድኃኒቱም በመንግሥት ጤና ተቋማት ያለ ክፍያ ይሰጣል።

አንገት ለብቻው

ስለ አንገት ለብቻው መናገር ያስፈልጋል። ወደ አንጎል ደም ከሚወስዱት የደም ሥሮች ሁለቱ በራሳቸው በአንገት አጥንቶች ቀዳዳ ውስጥ ያልፋሉ። አንገት በድንገትና በኃይል ሲጠመዘዝ የእነዚህ ሥሮች ግድግዳ ሊሰነጠቅና ስትሮክ ሊያስከትል ይችላል። ይህ ብዙ ጊዜ የሚደርስ ነገር አይደለም። አንዳንዱ ሰውም ሥሩ አስቀድሞ ተሰንጥቆ በዚያው የአንገት ሕመም ሳቢያ ለመታከም የሄደ ሊሆን ይችላል። የሚያስከትለው ጉዳት ግን የማይመለስ በመሆኑ፣ እኔ ለታካሚዎቼ የምሰጠው ምክር አንድ ነው፤ አንገትዎን ማንም ጠምዝዞ "ቀጭ" እንዲያደርግ አይፍቀዱ። በቪዲዮ አይተው በጓደኛዎ ወይም በራስዎ ላይም እንዳይሞክሩት።

በድንገት የመጣና ከዚህ በፊት አይተውት የማያውቁት ዓይነት የአንገት ወይም የራስ ሕመም፣ ማዞር፣ ነገር ሁለት ሆኖ መታየት፣ የንግግር መጎተት፣ የፊት ወይም የእጅ መደንዘዝ፣ ሲራመዱ መንገዳገድ ካለ በአስቸኳይ ሆስፒታል ይሂዱ። እጆችዎ ዕቃ እየጣሉ፣ አዝራር መቆለፍ እያቃተዎት፣ እግርዎም እየተሳሰረ ከመጣ ደግሞ ሕብለ ሰረሰርዎ አንገት ላይ እየተጫነ ሊሆን ስለሚችል ሳይመረመሩ አይታሹ።

ያበጠ መጋጠሚያ አይታሽም

ጉልበት፣ ቁርጭምጭሚት ወይም ሌላ መጋጠሚያ በድንገት አብጦ ሲቀላና ሲተኩስ ማሸት ክልክል ነው። ምናልባት ሪህ ነው፤ ምናልባትም በመጋጠሚያው ውስጥ መግል ቋጥሯል። መግል ከሆነ በቀናት ውስጥ መጋጠሚያውን ያበላሸዋል። ትኩሳት ኖሮት እግሩን አልረግጥም የሚል ሕፃንም "ወድቆ ነው" ተብሎ ወደ ማሻ ሳይሆን ወደ ሆስፒታል ይወሰድ።

እጅ ወይም እግሩ ተሰብሮ በሸንበቆ ወይም በቀጭን እንጨት ለታሰረ ሰውም ቤተሰቡ ጣቶቹን ይከታተል። ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፣ ከጠቆሩ፣ ከደነዘዙ ወይም ሕመሙ እየጨመረ ከሄደ ማሰሪያው ደም ከልክሏልና ወዲያውኑ ይፈታ፤ ታካሚውም ወደ ሆስፒታል ይምጣ። በዚህ ምክንያት እጅና እግራቸው የተቆረጠ ልጆች አሉ። ሁሉም መትረፍ ይችሉ ነበር።

ራጅና ኤምአርአይ ለሁሉም?

አስጊ ምልክት የሌለበት፣ አዲስ የጀመረ የወገብ ሕመም ራጅም ኤምአርአይም አያስፈልገውም። ይህን ስል ቅር የሚላቸው ታካሚዎች አሉ። ምክንያቱን ልንገርዎ። እ.ኤ.አ. በ2015 ይፋ የሆነ አንድ ግምገማ ምንም የወገብ ሕመም የሌለባቸውን የ3 ሺህ 110 ሰዎች ምስል ተመልክቶ ነበር። በሃያዎቹ ዕድሜ ካሉት ጤነኞች መካከል በ37 በመቶው፣ በሰማንያዎቹ ካሉት ደግሞ በ96 በመቶው ላይ የዲስክ ማርጀት ታይቷል። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ "ዲስክ አርጅቷል" የሚል ቢያነቡ እንደ ፀጉር ሽበት ይቁጠሩት። ሕመምዎን ላያስረዳ ይችላል፤ በከንቱ ግን ሊያስፈራዎት ይችላል።

ታዲያ ምን ላድርግ?

አይተኙ። ድሮ እኛም ሐኪሞች "ተኛ" እንል ነበር፤ ስሕተት መሆኑ ታውቋል። ሕመሙ በጠናበት ዕለት ጥቂት ጋደም ማለት ይቻላል። ከዚያ ግን ቤት ውስጥም ቢሆን መንቀሳቀስ ይጀምሩ። ብዙ የተኛ ጡንቻ ይደክማል፤ የደከመ ጡንቻ ደግሞ የበለጠ ያማል።

ሙቀት ይጠቀሙ። በጨርቅ የተጠቀለለ ሙቅ ውኃ የያዘ ጠርሙስ ለ15 ደቂቃ ያህል ቦታው ላይ ማድረግ ጡንቻውን ያፍታታዋል። እንዳያቃጥልዎ በእጅዎ ይሞክሩት፤ የስኳር ታማሚዎች በተለይ ይጠንቀቁ።

ማስታገሻን በጥንቃቄ ይውሰዱ። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ሊረዱ ይችላሉ፤ ሆኖም ጨጓራን ያደማሉ፣ ኩላሊትን ይጎዳሉ፣ የደም ግፊትን ይጨምራሉ። ሁለቱ የአንድ ወገን መድኃኒቶች ስለሆኑ ደርቦ መውሰድ ጉዳቱን እንጂ ጥቅሙን አይጨምርም። የጨጓራ ቁስለት፣ የኩላሊት ወይም የልብ ሕመም ያለበት ሰው እንዲሁም ነፍሰ ጡር ሐኪም ሳታማክር መውሰድ የለባትም። መርፌው ከክኒኑ ይበልጣል የሚለውም እምነት ብቻ ነው፤ ያለቦታው የተወጋ መርፌ የእግር ነርቭን ሊጎዳ ይችላል። በየመድኃኒት ቤቱ "ለቁርጥማት" እየተባለ ያለ ትእዛዝ የሚገዛው ዴክሳሜታዞን ደግሞ ሲደጋገም ስኳርን ከፍ ያደርጋል፣ አጥንትን ያሳሳል፣ የተደበቀ ቲቢንም ይቀሰቅሳል።

ይንቀሳቀሱ። ከሁሉም የሚበልጠው መድኃኒት ይህ ነው። በቀን 10 ደቂቃ በእግር በመሄድ ይጀምሩና በየሳምንቱ እየጨመሩ ግማሽ ሰዓት ያድርሱት። ከዚህ በተጨማሪ ወለል ላይ ምንጣፍ አንጥፈው ጠዋትና ማታ የሚከተሉትን ይሥሩ።

• በጀርባዎ ተኝተው አንድ ጉልበትዎን በሁለት እጅ ይዘው ወደ ደረትዎ ይሳቡ። እስከ አሥር ቆጥረው ይልቀቁና በሌላው ይድገሙት።

• በጀርባዎ እንደተኙ ጉልበትዎን አጥፈው በእግርዎ መሬቱን ይርገጡ። መቀመጫዎን ቀስ ብለው ከፍ አድርገው እስከ አምስት ይቁጠሩ፤ ከዚያ ያውርዱ። አሥር ጊዜ ይድገሙት።

• በእጅና በጉልበትዎ ተንበርክከው ጀርባዎን ወደ ላይ እንደ ድመት ያጉብጡ፤ ከዚያ ቀስ ብለው ወደ ታች ይልቀቁት። አሥር ጊዜ።

ጥቂት መለጠጥና ማመም ያለ ነው። ሕመሙ ወደ እግርዎ እየወረደ ከጨመረ ግን ያን እንቅስቃሴ ያቁሙና ባለሙያ ያማክሩ።

ሥራዎን ለወገብዎ ያመቻቹ። 20 ሊትር ውኃ የያዘ ጄሪካን 20 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ ከተቻለ በሁለት ባለ 10 ሊትር ከፍለው በሁለት እጅ ይሸከሙት። ዕቃ ሲያነሡ ጉልበትዎን አጥፈው፣ ዕቃውን ወደ ሰውነትዎ አስጠግተው ይነሡ፤ ተሸክመው ወገብዎን አይጠምዝዙ። እንጀራ የሚጋግሩ እናቶችና እኅቶች ምጣዱን ቆመው ሊጋግሩበት በሚችሉት ከፍታ ላይ ያስቀምጡት። ሾፌሮች የኪስ ቦርሳችሁን ከኋላ ኪስ አውጡ፤ ፎጣ ጠቅልላችሁ ከወገባችሁ ጀርባ አድርጉ፤ ተራ ስትጠብቁ ወርዳችሁ ተራመዱ። ስልክ የሚያዩ ሁሉ ደግሞ ስልኩን ወደ ዓይናቸው ከፍ ያድርጉ፤ አራት አምስት ኪሎ የሚመዝን ጭንቅላት ቀኑን ሙሉ ተንጠልጥሎ ሲውል የአንገት ጡንቻ ይደክማል።

እነዚህን አድርገው በስድስት ሳምንት ውስጥ ካልቀነሰልዎ፣ አስጊ ምልክት ባይኖርም ይመርመሩ።

መታሸት ከፈለጉ

አስጊ ምልክት የለብዎትም፤ መታሸቱም ያሳርፍዎታል። እንግዲያው ይታሹ፤ ክፋት የለውም። ወጌሻም ሆነ ሌላ ባለሙያ ዘንድ ሲሄዱ ግን ሦስት ነገር ያስተውሉ። ከመንካቱ በፊት ስለ ትኩሳት፣ ስለ ላብ፣ ስለ ክብደት፣ ስለ አደጋና ስለ ሌላ ሕመምዎ ይጠይቅዎታል? "ያመኛል፣ ተወኝ" ሲሉት ይተዋል? ሁለት ሦስት ጊዜ አሽቶዎት ለውጥ ከሌለ "ሐኪም ይይህ" ብሎ ይልክዎታል? ለሦስቱም መልሱ "አዎ" ከሆነ ጥሩ እጅ ላይ ወድቀዋል።

ይህን ጽሑፍ የሚያነቡ ወጌሻዎችም እንዳላችሁ አውቃለሁ። ሕዝቡ ከእኛ ይልቅ አስቀድሞ የሚመጣው ወደ እናንተ ነው። እግሩ የዛለውን፣ ሌሊት የሚያልበውን፣ እየከሳ የመጣውን ሳትነኩ ወደ ጤና ጣቢያ ብትልኩልን፣ በዚያች ቀን ከማንም ሐኪም በላይ አክማችኋል።

የዚያችን ወጣት ነገር ልጨርስልዎ። አንድ ዓመት ሙሉ መድኃኒቷን አንድ ቀን ሳታጓድል ወሰደች። ከፊዚዮቴራፒስት ጋር ሆና መራመድን እንደ ሕፃን እንደገና ተማረች። ጀርባዋ ላይ ትንሽ ጉብታ ቀርቷል፤ ብዙ መቆምም ይከብዳታል። ይሁን እንጂ በራሷ እግር ትሄዳለች፤ ከፍ ባለ ምድጃ ላይ እንጀራዋን መጋገርም ጀምራለች። ባለፈው ጎረቤቷን ይዛ መጥታ ነበር። "ወገቤን አለችኝ፤ 'ማታ ያልብሻል ወይ?' ብዬ ጠየቅኋት። 'አዎ' ስትለኝ ይዣት መጣሁ" አለች።

እርስዎም ቤትዎ ውስጥ "ወገቤን" የሚል ሲያጋጥምዎት፣ ቅባቱን ከማንሣትዎ በፊት እንዲሁ ይጠይቁ።